ምስጋና ያጣ ትሩፋት ግብር ይሆናል

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ እሑድ ጧት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ቅጥሩ ተጠርጎ፥ ምንጣፉ ተነጥፎ፥ በሩ ተከፍቶ ታገኘዋለህ። ይህን ሁሉ ማን እንዳደረገው ጠይቀህ ታውቃለህን? ብዙዎቻችን አልጠየቅንም። ፀሐይ ለምን ወጣች ብለን እንደማንጠይቅ ሁሉ፥ የተጠረገውንም ቅጥር በራሱ የተጠረገ አስመስለን እናልፈዋለን። ነገር ግን በአሰላ ብርድ ሰው ሁሉ በጋቢው ተጠቅልሎ በተኛበት ሰዓት መጥረጊያ ይዞ የወጣ አንድ ሰው አለ። ይህ ሰው ደመወዝ የለውም፤ ስሙም በመዝገብ አልሰፈረም።

እኔ በአርሲ ደጋ ላይ በማስተማር ዕድሜዬን ያሳለፍሁ ጡረተኛ ነኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ሳለን በማዕድ ፊት ቆመን ምግቡን የሰጠንን አምላክ እናመሰግን ነበር፤ ምግቡን ያበሰለችውን ሴት ግን ስሟን እንኳ አናውቅም ነበር። አምላክን ማመስገናችን መልካም ነበር፤ ሴቲቱን መርሳታችን ግን ምስጋናችንን ጎዶሎ አደረገው። ይህን የተረዳሁት ከብዙ ዘመን በኋላ፥ እኔው ራሴ አንድ ስሕተት ከሠራሁ ወዲያ ነው። ስሕተቴን ወደ ፊት እነግርሃለሁ። አስቀድመን ግን ታሪክ ምን እንደሚያስተምረን እንመልከት።

ሰማዩ በጠራ ቀን ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ቆሞ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው፥ የዝዋይ ሐይቅ በሩቁ እንደ መስተዋት ሲያበራ ይታየዋል። በሐይቁ ውስጥ 5 ደሴቶች አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ቱሉ ጉዶ ይባላል፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ነው። በዚህ ደሴት ላይ ደብረ ጽዮን የተባለ ጥንታዊ ገዳም አለ። የደሴቶቹ ሰዎች ዛይ ይባላሉ። የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፥ ሸማ ይሠራሉ፥ ቁልቁለቱንም በእርከን ደግፈው ያርሳሉ። ከአባት ለልጅ ሲወርድ የመጣው ታሪካቸው እንደሚለው፥ ዮዲት ጉዲት በአክሱም ላይ በተነሣች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ሐይቅ ሸሹ፤ አገሩ እስኪረጋም ድረስ በደሴቱ አኖሯት።

ይህ በቃል የተላለፈ ታሪክ ነው፤ የሚያምነውም የሚመረምረውም አለ። ለሁሉ ግልጥ የሆነው ነገር ግን ይህ ነው፦ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜ በአገራችን ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ሲቃጠሉ፥ የዝዋይ ደሴቶች መሸሸጊያ ሆኑ። ከዚያም በኋላ የደሴቶቹ ክርስቲያኖች ከሰሜኑ ቤተ ክህነት ተለይተው ብዙ ዘመን ኖሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የምኒልክ ሠራዊት ወደ ሐይቁ በደረሰ ጊዜ፥ በደሴቶቹ ላይ እምነታቸውንና የብራና መጻሕፍታቸውን የጠበቁ ሰዎች ተገኙ።

እስቲ እናስተውል። መቼም ታቦትም ሆነ መጽሐፍ በራሱ እግር ውኃ አይሻገርም። ታንኳውን ያሰረ፥ ቀዝፎም ማዕበሉን የተጋፈጠ ሰው ነበረ። ብራናውን ከእርጥበትና ከምስጥ የጠበቀ፥ ጣራውን በየክረምቱ ሣር ያለበሰ፥ ልጁንም ጸሎት ያስተማረ ሰው ነበረ። ይህን ሁሉ እንዲያደርግ ያዘዘው ንጉሥ አልነበረም፤ ንጉሡ ሩቅ ነውና። ደመወዝ የሚቆርጥለት ጳጳስም አልነበረም። ሥራውን የሠራው ወድዶ ነው። ዛሬ የታሪክ ተመራማሪዎች ስለ ደሴቶቹ መጻሕፍት ሲጽፉ የነገሥታቱን ስም እናነባለን፤ የቀዛፊው ስም ግን የለም። ሆኖም ቀዛፊው ባይኖር መጽሐፉም ባልኖረ ነበር።

የቀደሙት አባቶቻችን ይህን ጨርሰው አልረሱትም። የብራና መጽሐፍ አይተህ እንደ ሆነ፥ በመጨረሻው ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ልመና ተጽፎ ታገኛለህ። ልመናው መጽሐፉን ላስጻፈው ባለጸጋ ብቻ አይደለም። በእጁ ለጻፈው፥ ለሚያነበው፥ ለሚተረጉመው፥ ቃሉንም ለሚሰማው ሁሉ ምሕረት ይለምናል። በአንድ መጽሐፍ ዙሪያ የደከመ ሁሉ አብሮ እንዲታሰብ አባቶች ሥርዓት ሠሩ ማለት ነው። ይህ ታላቅ ጥበብ ነው። ባለ ገንዘቡን ከባለ ብዕሩ አላበላለጡም፤ ዝም ብሎ የሚሰማውን ሰው እንኳ አልዘለሉትም።

ይህም ልማድ ሥር አለው። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች የላከውን መልእክት ብዙዎች ስለ ጥልቅ ትምህርቱ ያነቡታል። ወደ 16ኛው ምዕራፍ ሲደርሱ ግን ስም ብቻ ነው ብለው ያልፉታል። እዚያ ያሉት ስሞች እነማን ናቸው? በክንክራኦስ ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ያገለገለችው ፌቤን፥ ለሐዋርያው ሲሉ ለሞት የቀረቡት ጵርስቅላና አቂላ፥ ስለ ጌታ የደከሙ ሴቶችና ወንዶች ናቸው። ጸሐፊው ጤርጥዮስ እንኳ ስሙን አስገብቶ ሰላምታ ያቀርባል። ሐዋርያው ከ25 የሚበልጡ ሰዎችን በየስማቸው እየጠራ፥ የብዙዎቹንም ሥራ እየጠቀሰ ያመሰግናቸዋል። «ሁላችሁንም አመሰግናለሁ» ብሎ በአንድ ቃል አላለፈም። ብራናው ውድ በነበረበት ዘመን ይህን ሁሉ ቦታ ለስም መስጠቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ነገር እንመጣለን። በቤተ ክርስቲያን ስም የተሠራ ሥራ ሁሉ በፈቃድ የተሠራ አይደለም። እውነቱን ካልተናገርን ታሪክን አስተማርን ማለት አንችልም። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በአርሲም ሆነ በሌሎች የደቡብ አውራጃዎች ብዙ መሬት በባለ ርስቶችና በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር። ጭሰኛው ከምርቱ ይከፍል ነበር፤ በብዙ ቦታም ሁዳድ ያርስ፥ አጥር ያጥር፥ እንጨት ይሸከም ነበር። የተሸከመውን እንጨት ያየ ሰው «እንዴት ያለ ደግ አገልጋይ ነው» ይል ይሆናል፤ ተሸካሚው ግን ወድዶ አልነበረም። ግብርና ትሩፋት ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ላብ ናቸው። የሚለያቸው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ሰውየው እምቢ ለማለት መቻሉ ነው።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን፥ የቤተ ክርስቲያን መሬትም አብሮ ሄደ። ከመሬት በሚገኘው ገቢ ይኖር የነበረ ካህን ባዶ እጁን ቀረ። ብዙ ሰው ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ትዘጋለች ብሎ አሰበ። ነገር ግን ከዚያ 2 ዓመት ቀደም ብሎ፥ በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፥ በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ወጥቶ ነበር። በዚህ ደንብ መሠረት በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ይቋቋማል፤ ከካህናት፥ ከምእመናንና ከወጣቶች የተመረጡ ሰዎችም ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ። መሬቱ ከሄደ በኋላ ቤተ ክርስቲያንን የተሸከመው ይህ የሕዝብ ትከሻ ነው። ሴቲቱ ሳንቲሟን አመጣች፤ አናጢው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የተሰበረውን በር ሠራ፤ የመንግሥት ሠራተኛው ማታ ማታ ሒሳብ ያዘ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው በሥራ ታየ። ጭሰኛ ተገድዶ ይሸከመው የነበረውን ሸክም፥ አሁን ሕዝቡ ወድዶ ተሸከመው።

የወንጌላውያንን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ብንመለከትም ያንኑ እናያለን። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብተው በወላይታ ሶዶ ሥራ ጀመሩ። በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ምክንያት ወላይታን ለቅቀው ሲሄዱ የተጠመቁት ምእመናን 48 ያህል ብቻ ነበሩ። የውጭ አገር ገንዘብም አስተማሪም ተቋረጠ። እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉ መሪዎች ታሠሩ፥ ተገረፉ። ከነጻነት በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ ምእመናን ጠበቋቸው። ይህን ያደረገው ማን ነው? በቀን እርሻውን አርሶ ማታ ለጎረቤቱ የሚያነብ ገበሬ ነው። ለእስረኞች ስንቅ ተሸክማ በሌሊት የተጓዘች ሴት ናት።

ከአሰላ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን አዳማንም እንውሰድ። ያን ጊዜ ናዝሬት ትባል ነበር። የሜኖናይት ሚሲዮን ሰዎች በ1930ዎቹ መጨረሻ የጥጥ መዳመጫ የነበረውን ሕንፃ ሆስፒታል አድርገው ሕሙማንን ማከም ጀመሩ፤ ከዚያም የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተተከለች። በጥር 1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ይህችን ቤተ ክርስቲያን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፥ መሪዎቿንም ለዓመታት አሠረ። ምእመናኗ በዚያ ጊዜ ወደ 5,000 ነበሩ። ሕንፃው ሲዘጋ ሳሎን ተከፈተ። ጥቂት ጥቂት ሆነው በየቤቱ ተሰበሰቡ፤ መዝሙሩንም ጎረቤት እንዳይሰማው በሹክሹክታ አደረጉት። ቤቷን የሰጠች ሴት ብትያዝ እስራት እንደሚጠብቃት ታውቅ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅና በሩ ሲከፈት፥ ምእመናኑ ወደ 34,000 ደርሰው ተገኙ። ይህን ሁሉ ሰው የያዙት ቡና አፍልተው በራቸውን የከፈቱ ቤተ ሰቦች ናቸው።

እንግዲህ ከታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ገንዘብ ሲጠፋ፥ መሬት ሲወሰድ፥ ሕንፃ ሲዘጋ፥ መሪ ሲታሠር የቀረው በፈቃዱ የሚያገለግል ሰው ነው። ይህ ሰው ከሕንፃውም ከመሬቱም የሚበልጥ ሀብት መሆኑን ካወቅን፥ በሰላም ጊዜ እንዴት እንይዘዋለን? አሁን ስሕተቴን የምነግርህ ቦታ ላይ ደርሻለሁ።

ከ20 ዓመት በፊት ገደማ እኔ በምሰበሰብበት አጥቢያ የአገልግሎት ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርሁ። አንዲት አሮጊት ለ14 ዓመት ያህል በሩን ይከፍታሉ፥ ወለሉን ይጠርጋሉ፥ ውኃ ቀድተው ያኖራሉ። ሁላችን «እማማ» እንላቸዋለን። ከልማድ የተነሣ ሥራው የእሳቸው ግዴታ መስሎን ነበር። በሐምሌ አንድ እሑድ ሳይመጡ ቀሩ። በሩ ተቆልፎ ሕዝቡ በዝናብና በጭቃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመ። ኮሚቴው ተቆጣ። እኔም ብዕሬን አንሥቼ «ዳግመኛ እንዳይደገም» የሚል አጭር ወረቀት ጻፍሁላቸው፤ ማኅተምም አደረግሁበት።

እማማ ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱን ያነበበችላቸው የልጅ ልጃቸው ናት፤ እኔው ራሴ በክፍል ውስጥ ማንበብ ያስተማርኋት ልጅ። በዚያ እሑድ ጧት የዘገዩት ታናሽ ወንድሟ በትኩሳት ሲቃጠል አድሮ፥ እሱን አዝለው ወደ ጤና ጣቢያ ስለ ሄዱ ነበር። በሳምንቱ መጥተው ቁልፉን በሁለት እጃቸው አስረከቡኝ። ምንም አልተናገሩም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት እሑዶች ያ ሥራ ምን እንደ ሆነ አወቅን። መጀመሪያ እኔ ራሴ ለመጥረግ ሄድሁ። ከምንጩ 4 ጀሪካን ውኃ ተሸክሞ ዳገቱን መውጣት፥ ጭቃውን ከደረጃው መፋቅ፥ አግዳሚውን አንድ በአንድ መወልወል ነበረ። ጎሕ ሳይቀድ ጀምሬ ሕዝቡ ሲገባ ገና አልጨረስሁም ነበር። እጄ በብርድ ደንዝዞ መዝሙር መጽሐፉን መግለጥ አቃተኝ። ይህን እሳቸው ለ14 ዓመት ሠርተውታል።

ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ቤታቸው ሄድን። ቡና አፍልተው ተቀበሉን። ከዚያም እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፥ መጥረጊያው አልከበደኝም። 14 ዓመት ስከፍት አንድ ቀን እንዴት አደሩ የሚል ወረቀት አልመጣልኝም። አንድ ቀን ብቀር ግን ወረቀት መጣልኝ። ለካስ እስከ ዛሬ ቆጥራችሁ የያዛችሁት የቀረሁበትን ነው።»

አንባቢ ሆይ፤ በዕድሜዬ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ቃል ልቤን የነካው የለም። ለምስጋና ወረቀት ያጣን ሰዎች ለወቀሳ ወረቀት ከነማኅተሙ አገኘን። እማማ በፈቃዳቸው የሰጡንን ስጦታ እኛ ሳናስበው ወደ ግብር ለወጥነው። ባለ ርስት አልነበርንም፤ አለንጋም አልያዝንም። ዝምታችን ብቻ በቃ። ስጦታን ያለ ምስጋና ደጋግሞ የተቀበለ ሰው፥ ቀስ በቀስ እንደ መብቱ ይቆጥረዋል፤ መብቱ ነው ብሎ ካሰበም በቀረ ጊዜ ይቆጣል። ግብር የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ኮሚቴው ወቀሳውን በጉባኤ ፊት ሻረ። 4 ወጣቶች ተራ ገብተው መሥራት ጀመሩ። እማማም ከብዙ ልመና በኋላ ቁልፉን መልሰው ያዙ፤ ነገር ግን በወር አንድ እሑድ ብቻ፥ በፈቀዱት ጊዜ። በሌላው እሑድ እንደ ማንኛችንም መጥተው ተቀመጡ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲያርፉ በቀብራቸው ላይ መልካም ሥራቸው ተነገረ። ልቤን ያሳረፈው ግን ያንኑ ቃል በሕይወት ሳሉ በጆሯቸው መስማታቸው ነው።

አንዳንድ ሰው «ለእግዚአብሔር የሚያገለግል ዋጋው በሰማይ ነው፤ በሰው ፊት ማመስገን ትዕቢት ያሳድርበታል» ይላል። በዚህ አነጋገር ውስጥ እውነት አለ፤ ነገር ግን ለማን እንደሚነገር መለየት ያስፈልጋል። ለሚያገለግለው ሰው ከተነገረ መልካም ምክር ነው፤ ጌታችንም ቀኝ እጅ የምትሠራውን ግራ እጅ እንዳታውቅ አስተምሯል። ለሚገለገለው ሰው ከተነገረ ግን የውለታ ቢስ ማመካኛ ይሆናል። አገልጋይ ምስጋናን አይፈልግ፤ ተገልጋይ ምስጋናን አይንፈግ። ሁለቱ ሕጎች ለሁለት ሰዎች የተሰጡ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሕግ ለራሱ ጥቅም ሊጠቅስ አይገባውም።

እንግዲህ እንዴት እናመስግን? ከደረሰብኝ የተማርሁትን በአጭሩ ልንገርህ።

አንደኛ፤ ሰውየውን በስሙ፥ ሥራውንም በዓይነቱ ጥራ። «አገልጋዮቻችንን ሁሉ እናመሰግናለን» የሚለው ቃል ማንንም አያሞቅም። «በጥምቀት ማግስት ቅጥሩን ብቻህን ስታጸዳ አይቼሃለሁ» ብትለው ግን ሥራው መታየቱን ያውቃል።

ሁለተኛ፤ በጊዜው አመስግን። በአገራችን ለሙት የሚነገረው የሕይወት ታሪክ ረጅም ነው፤ ለሕያው የሚነገረው ግን አጭር ነው። ሬሳ ጆሮ የለውም።

ሦስተኛ፤ ሸክሙን ተካፈል። እጅህን በኪስህ አድርገህ ለምትደክመው ሴት «እግዜር ይስጥልኝ» ብትላት ቃልህ ግማሽ ነው። ጀሪካኑን ብትቀበላት ግን ምስጋናህ ሙሉ ይሆናል።

አራተኛ፤ እምቢ ለማለትና ለማረፍ ነጻነት ስጥ። ፈቃደኛ ሰው ሲገኝ ሥራ ሁሉ በእርሱ ላይ ይከመራል፤ በመዘምራንም እርሱ፥ በሒሳብም እርሱ፥ በድንኳን ተካዩም እርሱ ይሆናል። ሰውየው ሲደክም «ቀዘቀዘ» ብለን እናማዋለን። የቀዘቀዘው ሰውየው አይደለም፤ እኛ ነን እሳቱን አንድደን የጨረስነው።

አምስተኛ፤ ሊከፈለው የሚገባውን ክፈል። ድሃ ዘበኛን ዓመቱን ሙሉ አሠርቶ «በረከት ታገኛለህ» ማለት ምስጋና አይደለም፤ የሠራተኛን ደመወዝ መንጠቅ ነው። በጎ ፈቃድ ሰጪው የሚሰጠው ነው እንጂ ተቀባዩ የሚወስነው አይደለም።

እናንተ የአሰላና የበቆጂ ልጆች ሩጫን ታውቃላችሁ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና፥ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ሲያገኙ አገር ሁሉ አጨበጨበ፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን ለማንኛውም ሯጭ ልጅ በጧት ቁርሱን የሰጠች እናት፥ ሰዓት ይዞለት በብርድ የቆመ የስፖርት መምህር ነበሩት። የቤተ ክርስቲያንም ሩጫ እንዲሁ ነው። ሰባኪውንና መሪ ዘማሪውን ሁላችን እናያለን። በመድረኩ ላይ የቆመው ሰው ግን መድረኩን ያነጠፈውን ሰው ተደግፎ ነው የቆመው።

ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ከአንተ የምፈልገው ትልቅ ነገር አይደለም። በሚመጣው እሑድ ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድመህ ሂድ። በሩን ማን እንደሚከፍት እይ። ስሙን ጠይቅ፥ ስምህንም ንገረው። ከዚያም በቃል ብቻ ሳትወሰን ሁለተኛውን መጥረጊያ አንሣ። ሁለተኛ መጥረጊያ ከሌለ፥ ይህ ራሱ ምን ያህል ጊዜ ብቻውን እንደ ኖረ ይነግርሃል፤ በሚቀጥለው እሑድ ከቤትህ ይዘህ ና።